የጉድጓዱ ልክ

ግንቦት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቤተሰቦቼ የላክሁትን ደብዳቤ፣ ምን እንደ ጻፍሁ እንዳልረሳ፣ እዚህ ገልብጨዋለሁ።

ይድረስ ለተከበሩት አባቴ ለአቶ ገብረሚካኤል፤ እንደ ጉና ጉም የማያልቅ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ዘነበች፤ ጉልበትዎን ስሜ እጠይቅዎታለሁ፣ የወገብዎ ሕመም እንዴት ሆነ? ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለደረጄ፤ የእኔን ድርሻ ደርበህ የምታርስ አንተ እንዴት ነህ? ይድረስ ለእኅቴ ለሕይወት ከነልጇ። ይድረስ ለታናሼ ለሙሉቀን፤ አደራህን፣ እኔ ባቆምሁበት በአራተኛ ክፍል እንዳታቆም። ለቡሬ ጥጃም ቢሆን ሰላም በሉልኝ።

እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር ምንም አልሆንሁም። የምኖረው ከሸዋ ሮቢት ወጣ ብሎ በቀወት ገጠር፣ በአቶ ጌታቸው ቤት ተቀጥሬ ነው። የቤቱ እመቤት እትዬ ፈለቀች ከልጃቸው ሳይለዩ ያበሉኛል። ያላቸው አንድ ልጅ ነው፤ እዮኤል ይባላል፤ እኩያዬ ነው። አብረን እናርሳለን፤ ሙቀቱን መቻል ስላቃተኝ «ደገኛው ቀለጠ» እያለ ይስቅብኛል። አባቴ የሚገርምዎን ልንገርዎ፤ በዚህ አገር እህል በጎተራ አይቀመጥም። ማሽላውን ጥልቅ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል፤ ጠባቡን አፍ በድንጋይ ገጥመው በጭቃ ይመርጉታል። ዓመት ቢከርም ነቀዝ አይነካውም።

ለእናቴ አንድ ነጠላ፣ ለሕይወት ልጅ ጫማ፣ በሾፌር አስፋው እጅ ልኬያለሁ። ወደ ወረታ ሲያልፍ ጀውሃ ላይ ቆሞ ምሳ ይበላል፤ ስልክ ወደ እናንተ ስለማይገባ የምንገናኘው በእርሱ ነው። ዕቃው የታሰረበት ገመድ ጥሩ ቃጫ ነው፤ ግድግዳ ላይ ሥራ ፈትቶ ተሰቅሎ አግኝቼ የቆረጥሁት ነው። ፈታችሁ አትጣሉት፤ ለጥጃዋ ማሰሪያ ይሆናል።

ሰኔ 3

ጉድጓዱ ዛሬ ተከፈተ። ጎረቤታችን ጋሼ ያሕያ መጡ፤ በዚህ መንደር ጉድጓድ የሚቆፍሩትም የሚመርጉትም የሚከፍቱትም እርሳቸው ናቸው። ድንጋዩን ካነሣን በኋላ ሁላችንም ራቅ እንድንል አዘዙ። ከውስጥ የወጣው ሽታ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው።

«እስከ ነገ ይተንፍስ» አሉ። «እህል ነፍስ አለው። ዘግተህበት ከከረምህ አየሩን በልቶ ይጨርሰዋል።»

«እህል ይተነፍሳል እንዴ ጋሼ?» አልሁ።

«አንተ ተኝተህ አትተነፍስም? እሱም ተኝቶ ነው።»

እዮኤል ቀበል አድርጎ «ልዩነቱ ማሽላው አያንኮራፋም፤ ሞገስ ግን ያንኮራፋል» አለ። እትዬ ፈለቀች ሳይቀሩ ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ጋሼ ያሕያ ነገ ለቅሶ ለመድረስ አሊዩ አምባ ይወርዳሉ። ሲሄዱ «ወላሂ፣ ኩራዙ ሳይወርድ ሰው እንዳይወርድ! ከጠፋ አየር የለም!» ብለው ሦስት ጊዜ አስጠነቀቁ።

ሰኔ 4

ሆስፒታል ነን። እዮኤል አይሰማም። አፍንጫው ላይ ቱቦ አለ። እትዬ ፈለቀች ወለሉ ላይ።

መብራቱ አልጠፋም ነበር።

መብራቱ አልጠፋም።

ሰኔ 5

የሆነውን ዛሬ በቅደም ተከተል እጽፋለሁ።

ትናንት ረፋዱ ላይ ጋሼ ጌታቸው፣ እዮኤልና እኔ ወደ ጉድጓዱ ሄድን። እዮኤል ኩራዙን ለኩሶ በገመዱ ጫፍ አስሮ አወረደው። እኔ ከጎኑ ቆሜ ነበር። ገመዱ ከእጁ እየተለቀቀ፣ እየተለቀቀ ሄደና አለቀ።

«በርቷል?» አሉ አባቱ።

«ቦግ ብሎ በርቷል አባዬ።»

«ገመዱስ?»

«አልቋል። ግን ሳይላላ ነው ያለቀው፤ እህሉ ከገመትነው በላይ ጎድሏል ማለት ነው።» ወደ እኔ ዞረ። «ሞገስ፣ ማታ ማታ እየወረድህ ትቆረጥማለህ እንዴ?»

ሳቅን። እርሱ የሳቀው እየወረደ ነው። እግሩን በግድግዳው መርገጫዎች እያስገባ ወረደ፤ ቆሞም «እንደ ቆላ ገሃነም ይሞቃል፣ ደገኛው እንዳይሰማ!» አለን። ድምፁ ጤነኛ ነበር። ከዚያ ጆንያውን ሊሞላ ጎንበስ አለ። አንድ ቁና ያህል የመዛቅ ድምፅ ሰማሁ። ከዚያ የምሰማው አልነበረም።

ጋሼ ጌታቸው ሊወርዱ ሲሉ ወገባቸውን ይዤ ታገልኋቸው፤ «ሷሊሕ!» እያልሁም ጮህሁ። ሷሊሕ የጋሼ ያሕያ ልጅ ነው። ከማሳው ሮጦ ደረሰ፣ ወገቡን በጠፍር አሠረ፣ ትንፋሹን ስቦ አፍኖ ወረደ። ሁለቱን በየተራ ጎተትናቸው። ሐኪሞቹ «ስንት ደቂቃ ቆየ?» ሲሉኝ «አምስት አይሞላም» አልሁ። ሰዓት አልነበረኝም። የሷሊሕን ስም ስንት ጊዜ እንደ ጠራሁ ግን አውቃለሁ፤ አርባ አንድ ጊዜ ነው።

በእኔ ላይ ማንም ነገር አላነሣም። ስለምን ያነሣል? ኩራዙ እንደ በራ ሦስታችንም አይተናል።

ሰኔ 7

እዮኤል ዓይኑን አልገለጠም። የክፍሉ ነርስ ሲስተር ፍሬሕይወት ይባላሉ፤ የሸዋ ሮቢት ልጅ ናቸው። ሰው ሁሉ ሲወጣ ጠብቄ «ቁስል የለበትም፣ ደም አልፈሰሰውም፤ ምኑ ነው የተጎዳው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ስንተኛ ክፍል ነህ?»

«አራተኛን ጨርሻለሁ።»

«ጥያቄህ ከአራተኛ ያልፋል» አሉና ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጡ። ያሉኝን በተቻለኝ መጠን ሳላጎድል እጽፋለሁ።

አካላችን ሁሉ ሴል ከሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በየሴሉ ውስጥ ደግሞ እንደ ምድጃ የሚያገለግሉ፣ ከሴሉም የሚያንሱ ነገሮች አሉ። ስማቸውን ሲስተር በገዛ እጃቸው ደብተሬ ላይ ጻፉልኝ፤ «ማይቶኮንድሪያ»። የበላነውን በአየር ያነድዱና ጉልበት ያወጡበታል።

«ጡንቻ አየር ቢያጣ ለጥቂት ጊዜ የሚቆይበት ስንቅ አለው» አሉ። «የአንጎል ነርቭ ግን ስንቅ አይቋጥርም፤ የየዕለቱን በየዕለቱ አብስሎ የሚበላ ቤት ነው። አየር ሲቋረጥበት ምድጃው በደቂቃዎች ውስጥ ይጠፋል። ምድጃው ሲጠፋ በሩን የሚጠብቅ ጉልበት አይኖርም፤ ውጭ መቅረት የነበረበት ጨው ይገባል፣ ሴሉ ያብጣል።»

«አሁን እኮ አየር አግኝቷል። እንደገና አይነድድም?»

«ደኅና የቀረው ይነድዳል። አንዳንዱ ግን ተሰንጥቋል። የተሰነጠቀ ምድጃ አየር ሲመለስለት ከእሳቱ ፍንጣሪው ይበዛል፤ ቤቱን ራሱን ያቃጥላል።»

«ማሽላውስ? ማሽላውም ይህ ነገር አለው?»

«ዘር አይደለም? ሕይወት ካለው አለው።»

እንግዲህ ጋሼ ያሕያ እውነታቸውን ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ የተኛው ማሽላ፣ እያንዳንዷ ፍሬ፣ ጥቃቅን ምድጃዎቿን ስታነድድ ከርማ የእዮኤልን አየር በልታዋለች። ቢሆንም ኩራዙ በርቶ ነበር። ኩራዝ እንዲበራ አየር ያስፈልገዋል። ይህ አይገባኝም።

ሰኔ 12

ሚካኤል ነው። እዮኤል ዓይኑን ገለጠ! እትዬ ፈለቀች እልል አሉ፤ ሲስተር ሌሎች ሕሙማን አሉ ብለው ገሠጿቸው፣ ግን እየሣቁ ነው። ማታ ሲሆን ወደ እኔ አየና በሻከረ ድምፅ «ደገኛው… አልቀለጥህም?» አለኝ። ከክፍሉ ወጥቼ አለቀስሁ።

ሰኔ 17

ወደ ቤት ተመለስን። እዮኤል ይሄዳል፣ ይበላል፣ ይቀልዳል። መንደሩ ሁሉ «እንኳን ማረህ» ሊል መጣ። ጋሼ ያሕያም መጡ፤ ግንባሩን ሳሙት፣ «አልሐምዱሊላህ» አሉ፤ ተቀምጠውም ነገሩን ከሥሩ ጠየቁ። ጋሼ ጌታቸው ነገሯቸው።

«ገመዱ አልቆ ኩራዙ በራ? አይሆንም።»

«በዓይኔ አየሁት ያሕያ!»

«እኔ ደግሞ ይህን ጉድጓድ በእጄ ቆፈርሁት። ያን ዕለት አባትህ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ገመዱን ሲገምዱ አጠገባቸው ነበርሁ። ከአፉ እስከ ወለሉ፣ ስድስት ክንድ፤ ሁለተኛውም ጉድጓድ በዚያው ልክ ነው። ገመዱ ካለቀ ኩራዙ ወለል ነክቷል፤ እህል ካለ ደግሞ እህሉ ላይ ተቀምጦ ገመዱ ይላላል። ሰው ሊዋሽ ይችላል፤ ልክ አይዋሽም። እስቲ አምጡልኝ ገመዱን።»

ተፈለገ። መስቀያው ላይ የለም። ጉድጓዱ አጠገብም የለም።

«በግርግሩ መሐል የት እንደ ገባ አላውቅም» አልሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የተናገርሁት።

ለካ ገመዱ የጉድጓዱ ልክ ኖሯል። በእኛ አገር ጉድጓድ የለም፤ ገመድም ገመድ ነው።

ሰኔ 24

እዮኤል ዛሬ ከእኔ ጋር እርሻ ዋለ። ሦስት ትልም አርሶ ዕርፉን ሰጠኝ። «ከሞት የተመለሰ ሰው ዕረፍት ይገባዋል» አለ። ስለዚህ አለፈ ማለት ነው። የዳነ ሰው ላይ የቆየ ነገር መቀስቀስ ማንን ይጠቅማል? ደብተሬን የማኖርበትን ከረጢት ከራስጌዬ አንሥቼ ከአልጋው ሥር ገፋሁት። እዚያም ሆኖ እንቅልፍ ይነሣኛል።

ሐምሌ 1

ጫማውን አፈራርቆ አደረገ። ነገርሁት፤ አየው፤ አልለወጠውም።

ሐምሌ 3

ውኃ ሲቀዳ ከጣሳው ጎን አፈሰሰ። እስኪያልቅ ድረስ አፈሰሰ። እትዬ ፈለቀች «ምነው ልጄ?» ሲሉት ሳቀ። የሚያስቅ ነገር አልነበረም።

ሐምሌ 5

የሐዋርያት ጾም ተፈታ። እዮኤል ገበታ ላይ ቁራሹን በእጁ ይዞ ወደ አፉ ማድረስ ረሳ። ጋሼ ጌታቸው «ደክሞት ነው» አሉ። እትዬ ፈለቀች «ዓይን በልቶት ነው፤ ያን ሁሉ ሰው ሰብስበን» ብለው ነገ ጠበል ሊወስዱት ነው። እኔን «ጓደኛህ አይደለህ፣ አንተ ምን ይመስልሃል?» አሉኝ። ምንም አይመስለኝም አልሁ።

ሐምሌ 8

ከጠበል ወደ ሆስፒታል። እጆቹ ደርቀዋል፤ ሲጠሩት ይሰማል፣ መልስ ግን ከየት እንደሚመጣ የጠፋው ይመስላል። ሲስተር ፍሬሕይወት ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። ሐኪሙ ጭንቅላቱን በማሽን ፎቶ ለማስነሣት ደብረ ብርሃን ላኩት፤ ከእዚያም የመጣው ወሬ ያው ነው፤ የነርቮቹ መንገድ በሁለቱም ወገን ተጎድቷል።

«ድኖ አልነበረም እንዴ ሲስተር? አርሷል እኮ!»

«እንዲህ ያለው ጥቂት ሰው ላይ ይደርሳል። የተሰነጠቀው ምድጃ ያን ዕለት አይፈርስም። ሴሉ በተጎዳ ምድጃ ቀናትን ሲታገል ይቆያል። ሲያቅተው ምድጃው ራሱ የማብቂያ ምልክት ይለቃል፤ ያኔ ሴሉ ሥራውን ዘግቶ ይሞታል። በእርሱ ላይ ሳምንታት ዘግይቶ ለምን እንደ መጣ ግን ሐኪሞችም ጠንቅቀው አያውቁትም።»

«ይመለሳል?»

«በወራት የሚመለስ አለ፤ የማይመለስም አለ። አልዋሽህም።»

ከዚያ አንድ ነገር ጨመሩ፤ ባይጨምሩት በወደድሁ። ያ ክፉ አየር ከባድ ስለሆነ እንደ ውኃ ከሥር ይተኛል፤ ከላዩ ደኅና አየር ሊኖር ይችላል አሉ። «ኩራዝ የሚወርደው ለዚህ ነው። ግን እስከ ታች ካልወረደ ምንም አይነግርህም።»

ሐምሌ 12

ደብተሬ ሆይ፣ አንተንም ዋሽቼሃለሁ። ገመዱ አልጠፋም። እዮኤልን ተሸክመን ስንሮጥ ለምን እንደ ሆነ ሳላውቅ ጠቅልዬ በብብቴ ያዝሁት፤ ጋሼ ያሕያ «ልክ አይዋሽም» ካሉ ወዲህ ግን እያወቅሁ ነው የደበቅሁት። ከአንተ ጋር በአንድ ከረጢት ከርሟል።

ዛሬ ቤቱ ባዶ ሲሆን አውጥቼ ለካሁት። በእኔ ክንድ ሦስት ክንድ ከስንዝር ነው። ስድስት መሆን ነበረበት። ከላይኛው ጫፍ ቆርጬ፣ የመስቀያውን ቀለበት እንደ ነበረው መልሼ ቋጥሬ ሰቅዬዋለሁ። የቋጠርሁት በጥንቃቄ ነው፤ አያስታውቅም። አባቴ ቋጠሮ ስላስተማሩኝ ኮርቼ ነበር።

ኩራዙ ከጉድጓዱ እኩሌታ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ደኅናውን አየር እየበላ በራ። እዮኤል ቆሞ ሳለ ራሱ ከኩራዙ በላይ ነበር፤ ለዚህ ነው የቀለደው። ጎንበስ ሲል ግን ከዚያ በታች ገባ።

አንድ ተስፋ ብቻ ቀርቶኛል። ምናልባት ገመዱ እኔ ሳልነካው ቀድሞም አጥሮ ይሆን? አይጥ በልቶት፣ ሌላ ሰው ቆርጦት? የቆረጥሁት ሁለት ክንድ ነው ወይስ ሦስት? አላስታውስም። ነጠላው በደንብ እንዲታሰር ብቻ ነበር የማስበው።

ሐምሌ 16

ሾፌር አስፋው ጀውሃ ደርሶ ነበር። «ዕቃህን ለእናትህ በእጃቸው ሰጥቻለሁ፤ ነጠላውን እዚያው ለብሰው መረቁህ» አለኝ። በጉንጩ ጉርሻ ይዞ «ልጅ እንዲህ ነው!» እያለ ትከሻዬን መታኝ። በነሐሴ መባቻ እንደገና ያልፋል። መኪናው ላይ ተሳፍሬ ወደ አገሬ ለመሄድ አሰብሁ። እውነቱን ለመጻፍ፣ አንድ እግሬን መርገጫው ላይ አድርጌ ነበር። አስፋው «ትሳፈራለህ?» ሲለኝ አወረድሁት።

ሐምሌ 20

እዮኤል ከሆስፒታል ከተመለሰ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከእንግዲህ በቤት እናስታምመዋለን። እትዬ ፈለቀች በትራስ ደግፈው አጥሚት እያጠጡት ነበር፤ ማንኪያው ከንፈሩን ሲነካ አፉን ይከፍታል፣ መዋጥ ግን አንዳንዴ ይረሳል፤ ያኔ ጉሮሮውን በጣታቸው ዳበስ ያደርጉለታል። ገመዱን አምጥቼ ከእግራቸው ሥር አኖርሁት።

«ተገኘ እንዴ?» አሉ።

«አልጠፋም ነበር እትዬ። እኔ ጋ ነው። አጭር ነው። ቆርጬዋለሁ።»

ማንኪያው በአየር ላይ ቆመ።

«መቼ?»

«ከሰኔ በፊት። የጉድጓዱ ልክ መሆኑን አላወቅሁም። ካወቅሁ በኋላ ደግሞ ደበቅሁት።»

«ምን አሰርህበት?»

«የእናቴን ነጠላ።»

እንዲጮኹ፣ እንዲረግሙኝ፣ ማንኪያውን እንዲወረውሩብኝ ጠበቅሁ። አጥሚቱ ከእዮኤል አገጭ ላይ ይወርድ ነበር፤ በመቀነታቸው ጠረጉለት።

«ደረሳት?»

«ደርሷቸዋል። ለብሰውታል ተብያለሁ።»

«እሺ» አሉ። እዮኤል እኔን ያይ ነበር፤ ያየኝ እንደ ሆነ።

ጋሼ ጌታቸው ከደጅ ሆነው ሁሉን ሰምተዋል። ዱላቸውን አንሥተው ወደ ማሳው ሄዱ፤ እስኪመሽ አልተመለሱም።

ሐምሌ 22

ሁለት ቀን ጋሼ ጌታቸው አላናገሩኝም። በሬዎቹን ግን አልነጠቁኝም፤ ብቻዬን አረስሁ። ዛሬ ጋሼ ያሕያ ተጠርተው መጡና ገመዱን በክንዳቸው ለኩ። ቀለበቱን ፈትተው የእኔን ቋጠሮ ረጅም ጊዜ አገላብጠው አዩት።

«ጥሩ ቋጠሮ ነው» አሉ፤ ሲሉት አዘኑ እንጂ አልተቆጡም። «ያ አላህ፣ ስህተቱ የእኔም ነው። ለእንግዳ ሰው ኩራዙን ነገርሁ፣ ገመዱን አልነገርሁም። ለእኛ ከልጅነት የምናውቀው ስለሆነ የሚነገር አልመሰለኝም።»

«አንተ አልቆረጥኸውም ያሕያ» አሉ ጋሼ ጌታቸው። ከዚያ በሁለት ቀን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ እኔ ዞሩ። «ትሄዳለህ ወይስ ትቀራለህ?»

«የሚሉኝን አደርጋለሁ።»

የመለሱልኝ እትዬ ፈለቀች ናቸው፤ ከመደቡ ሳይነሡ፣ እዮኤልን ከደገፉበት። «በነሐሴ ሁለተኛው ጉድጓድ ይከፈታል። ሌላ ገመድ በቤቴ አይገመድም፤ ያ የአማቴ እጅ ነው። የተቆረጠው ይመለስ፣ ይቀጠል። ኩራዙንም አንተ ታወርደዋለህ። ከወለሉ ደርሶ ሲጠፋ በዓይንህ ታየዋለህ።»

ሐምሌ 24

ለአስፋው የምሰጠውን ደብዳቤ እዚህ ገልብጨዋለሁ።

ይድረስ ለአባቴ ለአቶ ገብረሚካኤል። ይድረስ ለእናቴ ለወይዘሮ ዘነበች። ይድረስ ለደረጄ፣ ለሕይወት፣ ለሙሉቀን። ሰላምታዬ እንደ ቀድሞው ነው፤ ለማስረዘም ግን አቅም የለኝም።

በቤታቸው የምኖር ሰዎች ልጅ በእኔ ጥፋት ታሟል። ስለ ሕመሙ በሌላ ጊዜ እጽፋለሁ፤ አሁን የምለምናችሁ ሌላ ነው። ነጠላው የታሰረበት ገመድ የእኔ አልነበረም። ቢቆሽሽም ቢበጠስም፣ ጥጃዋ ታስራበት ከሆነም ፈትታችሁ ላኩልኝ፤ ለጥጃዋ ሌላ ይፈለግላት።

አባቴ፣ ከመላክዎ በፊት በክንድዎ ይለኩትና ስንት ክንድ እንደ ሆነ ይጻፉልኝ። ሦስት ክንድ ያህል ከሆነ ሦስት ብለው ይጻፉ። ስላዘኑልኝ አያሳጥሩት። እናቴ፣ ነጠላውን ይልበሱት፤ እርሱ ጥፋት የለበትም።

አስፋው ነሐሴ ሲብት ይህን ደብዳቤ ያደርስላችኋል፤ ሲመለስ ጀውሃ መንገድ ላይ ቆሜ እጠብቀዋለሁ። ገመዱንና መልሳችሁን በዚያው በእርሱ መኪና ላኩልኝ።

ልጃችሁ ሞገስ